አስቤዛ ወሩ ሳይጋመስ እያለቀብን ነው፣ እናንተ ቤት እንዴት ነው የምታደርጉት?

የሰሚት እናት | ጥቅምት 21

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ልጠይቃችሁ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ ዛሬ ግን የዱቤ ደብተሩን ስደምር አምሽቼ ነው የመጣሁት። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ለአስቤዛ በወር 15 ሺህ ብር እንመድባለን። ወሩ በገባ በ18ኛው ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ከታች ካለው ሱቅ በዱቤ ነው።

ደብተሩ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ወር ውስጥ 19 ጊዜ ሽንኩርት ገዝቻለሁ። ግማሽ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሩብ። ዘይት ግማሽ ሊትር፣ 9 ጊዜ። በርበሬ በፌስታል የተቋጠረች፣ 6 ጊዜ። እንጀራ በቀን 8 እንገዛለን፣ በወር 240 ማለት ነው፣ እሱ ብቻውን ከመደብነው ገንዘብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሥጋ የተገዛው አንድ ቀን ነው፣ እሱም ለልጄ ልደት። ስለዚህ ሥጋ ቀንሺ የሚለው ምክር ለኔ አይሆንም። የሚቀነስ ሥጋ የለም።

የት ጋ ነው የሚፈሰው? እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የሾላ ልጅ | ጥቅምት 21

እህቴ፣ ቁጭ ብለሽ መደመርሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው የዱቤውን ልክ የሚያውቀው ባለሱቁ ጠቅላላውን ሲነግረው ነው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። 9 ጊዜ ግማሽ ሊትር ዘይት 4 ሊትር ተኩል ነው። ባለ 5 ሊትሩን ጄሪካን ልትጨርሺው ምንም አልቀረሽም፣ ግን የከፈልሽው በችርቻሮ ነው። በየግማሽ ሊትሩ ባለሱቁ የራሱን ይይዛል፣ ዱቤ ሲሆን ደግሞ ሌላ ይጨምርበታል። እኛ ቤት ደሞዝ የገባ ቀን ከምንም በፊት የሚገዛው ዘይት ነው። ከዛ በጄሪካኑ በቀጥታ አንሠራም፣ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እየቀዳን ጠርሙሷ ሳምንት እንድታደርስ እናደርጋለን። ጄሪካኑ ምድጃው አጠገብ ከተቀመጠ እጅ ዝም ብሎ ያፈሳል፣ ሞክሬው አውቀዋለሁ።

አትክልት ደግሞ ሾላ ነይ። ሽንኩርትና ድንች ጠዋት ግዢ፣ መርጠሽ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ሰላጣ ግን ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ። ይዘው ማደር ስለማይፈልጉ ይለቁልሻል። ሰፈርሽ የእሁድ ገበያ ካለ እሱንም እዪ፣ የሸማቾች ማህበር ሱቃችሁም ስኳርና ዘይት የሚያስገባበትን ቀን ጠይቂ። ሰልፍ አለው፣ ግን ልዩነቱ ሰልፉን ያስረሳል።

ጀሞ 2 | ጥቅምት 22

ምክሩ ሁሉ ደሞዝ የገባ ቀን እያለ ነው የሚጀምረው። እኔ የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ኮንስትራክሽን። ማታ የተከፈለኝን ይዤ ወደ ቤት ስገባ ሚስቴ እሱን ይዛ ነው ሱቅ የምትወርደው። ግማሽ ሊትር የምንገዛው ጄሪካኑ እንደሚያዋጣ ጠፍቶን አይደለም። ኪሳችን ውስጥ ያለው ያ ስለሆነ ነው። የሌለው ሰው አንዱን ሊትር ካለው ሰው አስበልጦ ነው የሚከፍልበት፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን መላ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

እትዬ የጉለሌዋ | ጥቅምት 22

ልጄ፣ እውነትህን ነው። መላ አለው፣ ግን ብቻህን አይሆንም።

እኛ ግቢ አራት ቤት ሆነን የጤፍ እቁብ አለን። እቁብ እንለዋለን እንጂ ዕጣ የለውም። እያንዳንዱ ቤት የኩንታሉን ሩብ ዋጋ ያወጣል፣ ወር ሲሞላ ኩንታል ይገዛል፣ 25፣ 25 ኪሎ እንካፈላለን። ደሞዝተኛው ባንዴ ይሰጠኛል። በቀን የሚያገኘው ደግሞ በቀን ያስቀምጥብኛል፣ ማታ ማታ በሬን ያንኳኳል፣ ያለውን ይሰጠኛል፣ ደብተር ላይ እይዝለታለሁ። 20 ብርም ቢሆን እጽፋለሁ። ከአራታችን አንዷ ልብስ አጣቢ ናት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አልጎደለባትም። ዘይቱንም እንደዛው ባለ 20 ሊትር ገዝተን በ5፣ 5 ሊትር እንቀዳለን። አንተም ሦስት የምታምናቸውን ሰዎች ፈልግ። ዋናው ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ነው፣ እሱን ስትመርጡ አትቸኩሉ።

የሰሚቷ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ በርበሬ በፌስታል መግዛትሽን ዛሬውኑ አቁሚ። ዋጋው ይቅርና ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። አንድ ጊዜ የቸገረኝ ቀን የተፈጨ ገዝቼ ውሃ ውስጥ ብበትነው ከብርጭቆው ሥር ቀይ አፈር ዘቀጠ። እያለቀስኩ ነው የደፋሁት፣ ልጆቼን ከዛ በፊት ስንት ቀን አብልቻቸው ይሆን ብዬ።

የዛላ ጊዜው አሁን እየገባ ነው። የማረቆው፣ የሀላባው፣ የስልጤው አዲስ በርበሬ ገበያ የሚሞላው ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው። ክረምት ላይ የገዛ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ አንስተሽ አትመኚ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ድረስ ወደ ውስጥ ክተቺ። ከላይ ደርቆ ከውስጥ የረጠበ ከሆነ ለውሃ ነው የከፈልሽው፣ ቤት ሲደርስም ይሻግታል። ዛላውን ጆሮሽ ጋ ይዘሽ ስትነቀንቂው ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት። ስትሰብሪው ቀጭ ይበል። ከተጣጠፈ ተይው።

ከዛ ቀንጥሰሽ፣ ጠራርገሽ፣ ፀሐይ ታሰጪዋለሽ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርትና በሶብላውን ወቅጠሽ ከበርበሬው ጋር ትደልዢዋለሽ፣ ሁለት ሦስት ቀን ታፍኚዋለሽ። መልሰሽ ታሰጪዋለሽ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ጨው ታምሶ ይገባበታል፣ ከዛ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ጥለሽ አትሂጂ፣ ቁሚበት። ከፊትሽ ምን እንደተፈጨም ጠይቂ። 5 ኪሎ ዛላ በአያያዝ ከሆነ አራት ሰው ያለበትን ቤት ዓመት ያደርሳል። ግቢ ካልተመቸሽ እኛ ጋ አምጥተሽ ማስጣት ትችያለሽ፣ ፀሐዩ የሁላችንም ነው።

የእህል በረንዳው | ጥቅምት 22

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እህል በረንዳ ነው የነገደው፣ እኔም እዛው ነው ያደግኩት፣ ስለ ጤፍ ልጨምር።

ኩንታል ልትገዙ ካሰባችሁ አሁን አትግዙ። አሁን ገበያ ላይ ያለው ያምና ማለቂያው ነው። አዲሱ የአዳ፣ የበቾ፣ የምንጃርና የጎጃም ጤፍ መወቃት የሚጀምረው ህዳር አካባቢ ነው፣ ገበያው በደንብ የሚሞላው ጥርና የካቲት ላይ ነው። እስከዛ የወር የወሩን ብቻ እየገዛችሁ ቆዩ። ማኛ ካልሆነ የምትሉ ከሆነ የምትከፍሉት ለንጣቱ ነው። ሰርገኛ ግዙ። ቤታችን ከእህል ጋር ውለን ከእህል ጋር እያደርን የበላነው ሰርገኛ ነበር፣ ያጠግባል፣ ወጥም ይይዛል።

ጤፍ ደግሞ ከሌላው እህል የሚለይበት ነገር አለው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ይቆያል። ዱቄቱ ግን አይቆይም፣ ስለዚህ የወር የወሩን ብቻ አስፈጩ። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ላይ ይህን እንዳትሞክሩ። እነሱን ነቀዝ በሁለት ወር ይቦረቡራቸዋል።

ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ በሁለት መዳፍ እሹት፣ ከዛ እፍ በሉበት። ገለባው ይበርራል፣ ጤፉን ስታራግፉት መዳፋችሁ ላይ የቀረው አፈር ነው። ትንሽ ጥርሳችሁ ላይ አድርጉት፣ ቀርጨጭ ካለ አሸዋ አለው። ሚዛኑንም ሳታዩ አትሸከሙ። እኔ ራሴ የነጋዴ ልጅ ሆኜ ከአንድ ነጋዴ 50 ኪሎ ብዬ ገዝቼ ቤት ሲመዘን 46 ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዛ ወዲህ ጆንያውን ሌላ ሚዛን ላይ ሳላወጣ ገንዘብ አልቆጥርም።

ባህር ዳር | ጥቅምት 23

እኛ ጋ ሰዉ የፎገራ ሩዝ እየቀላቀለ ነው የሚጋግረው። ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ፣ አብራችሁ አስፈጩት። እንጀራው ነጣ ብሎ ዓይኑም ያምራል። ሩዙን ከዚህ አስበልጣችሁ ከቀላቀላችሁ ግን በነጋታው ይደርቅና ይሰባበራል፣ ልጅ ደግሞ የተሰባበረ እንጀራ አይበላም። የተረፈውን ፍርፍር አድርጉት።

የሰሚት እናት | ጥቅምት 23

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ እትዬ። በርበሬውን ይዤ እመጣለሁ፣ የምሬን ነው።

እንጀራ ቤት መጋገር ፈልጌ ሁሌ የሚያቆመኝ ሰዓት ነው። ከሥራ የምገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። ምጣዱ አለኝ፣ ከሰርጌ ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሌላው ጥያቄዬ ደግሞ ሽንኩርት 10 ኪሎ ብገዛ አይበቅልብኝም ወይ?

የልደታዋ | ጥቅምት 23

የኔ እህት፣ እኔም ማታ ነው የምገባው። ሐሙስ ማታ አቡካለሁ፣ እሁድ ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ እጋግራለሁ። አንዴ ምጣዱ ከጋለ 30 እንጀራ ብትጋግሪም 10 ብትጋግሪም ማጋሉ የሚበላው መብራት ያው ነውና ባንዴ ብዙ ጋግሪ። ግማሹን በጨርቅ ጠቅልዬ መሶብ ውስጥ፣ ግማሹን ፍሪጅ። ለአራት ቀን ይሆነኛል፣ የቀረውን ቀን እገዛለሁ። ሁሉንም ቤት ልጋግር ብለሽ ከተነሳሽ በሁለት ሳምንት ትሰለቺና ትተዪዋለሽ፣ ግማሹን ብቻ ብትጋግሪ እንኳን ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ሽንኩርት ቶሎ የሚበቅለው በፌስታል ታፍኖ ሲቀመጥ ነው። ካርቶን ላይ ዘርግተሽ፣ አየር የሚያገኝበት፣ ፀሐይ የማያየው ቦታ አድርጊው። ከድንች ጋር አታስቀምጪው፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። የበቀለችዋን እያየሽ ቀድመሽ ተጠቀሚባት። ደግሞ እኔ እሁድ ቀን 4 ኪሎ ያህል ከትፌ ባንዴ አቁላላና በየወጡ ልክ እከፍለዋለሁ። ማታ ስገባ ቁሌቱ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀኝ ከውጭ ምግብ ልግዛ የሚለው ሐሳብ አይመጣብኝም። በፊት በሳምንት ሁለቴ እንዲሁ ደክሞኝ ነበር የምገዛው።

ጀሞ 2 | ጥቅምት 24

እትዬ አመሰግናለሁ። አልቅሼ ነው ያነበብኩት ብል አላጋነንኩም።

እኔም የማውቀውን ላካፍል። አትክልት ተራ ድሮ ፒያሳ ነበር፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዛ ኃይሌ ጋርመንት። ለኛ ሰፈር ቅርብ ነው። ንጋት ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብትደርሱ መኪና እየተራገፈ ነው። ቲማቲም በሳጥን ነው የሚሸጡት፣ ለአንድ ቤት ይበዛል፣ ግን ሦስት ሆናችሁ ሳጥኑን ከተካፈላችሁ ከጉልት ዋጋ በጣም ይወርዳል። ሳጥኑን ሳትገለብጡ አትግዙ፣ ከላይ ያማረው ተደርድሮ ከሥር የፈረሰው ይሆናል። የታክሲውንም ሒሳብ አስቡ። ከሩቅ ለአንድ ሳጥን ብላችሁ ከመጣችሁ አያዋጣም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 25

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ እዚህም ጉዳዩ ያው ነው። ከሐበሻ ሱቅ በየሳምንቱ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር እየገዛሁ ነበር የምኖረው። ቁጭ ብዬ ሳሰላው እንጀራው ብቻ የልጄን የመዋያ ክፍያ ጥሩ ቁራሽ ያህል ነበር። አሁን አይዳሆ የሚበቅለውን ጤፍ ዱቄት በትልቁ ከረጢት እገዛለሁ፣ ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ቅዳሜ እጋግራለሁ። ምስር ክክ፣ እርድና ዝንጅብል ከህንድ ሱቅ ነው የምገዛው፣ ያው ምስር ነው። ኮረሪማን ግን እነሱ በሚሸጡት ሄል ልተካ ብላችሁ አትድከሙ፣ ጣዕሙ አይገናኝም። በርበሬና ሽሮ እናቴ በሰው ትልክልኛለች፣ ማንም ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ኪሎ ቦታ እለምናለሁ።

እትዬ የጻፉትን በርበሬ ሳነብ የእናቴ ግቢ ሸተተኝ።

ወንደላጤ 4 ኪሎ | ጥቅምት 25

ለብቻችሁ ለምትኖሩ አንድ ነገር። በሶና ቆሎ ቤት ይኑራችሁ። ብስኩትና ሻይ ቤት የምከፍለው ገንዘብ የቀነሰልኝ በእሱ ነው። እንቁላል ደግሞ የገና ጾም ህዳር 15 ሲገባ ዋጋው ይረጋጋል፣ የማትጾሙ ከሆነ ያኔ ግዙ እንጂ የበዓል ዋዜማ አትጠብቁ።

የሰሚት እናት | ጥር 19

ሰላም ቤተሰብ፣ ጠፍቼ ቆየሁ። ምን እንደሆነ ልነግራችሁ መጣሁ።

መጀመሪያ ያልሆነልኝን ልንገራችሁ። ቁሌቱን በብዛት ሠርቼ ፍሪዘር ውስጥ ባስቀመጥኩ በሳምንቱ መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። በሙሉ ተደፋ። ከዛ ወዲህ የሦስት ቀን ብቻ ነው የማቁላላው። ሽምብራም 10 ኪሎ ገዝቼ የእህል በረንዳው እንዳለው ነቀዝ ጀመረው፣ ቶሎ አስከክቼ ሽሮ አስፈጨሁት እንጂ ሊያልቅ ነበር።

የሆነልኝ ይሄ ነው። ዘይት ባለ 5 ሊትሩን ደሞዝ ቀን እገዛለሁ፣ ታህሳስን አደረሰኝ። ሽንኩርት በወር 4 ጊዜ ብቻ ነው የገዛሁት። ምጣዱ ወረደ። እሁድ እሁድ እጋግራለሁ፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር፣ አሁን አክምባሎውን የሚከድነውና የሚያነሳው እሱ ነው፣ ትልቋ ልጄ እንጀራውን ሰፌድ ላይ ትቀበላለች። ከሱቅ የምንገዛው የአርብና የቅዳሜውን ነው።

በርበሬውን እትዬ ግቢ ነው ያሰናዳነው። ህዳር ላይ ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ቀነጠሱልኝ፣ የኔን 5 ኪሎ ከእነሱ ጋር አብሮ ነው የተደለዘው። ቡና ተፈላ። የመጣሁበትን የታክሲ እንኳን ሊከፍሉልኝ ነበር። ልጆቼ ሽሮው ለምን እንዲህ ጣፈጠ ብለው ጠየቁኝ።

ታህሳስ ላይ፣ ገና እያለበት፣ ገንዘቡ ያለቀው በ27 ነው። ዱቤ የያዝኩት 3 ቀን ብቻ። በፊት በ18 ነበር። ደብተሩን ለባለሱቁ ሳልመልስለት ቤት አስቀምጬዋለሁ፣ አንዳንዴ አወጣና አየዋለሁ።

እትዬ የጉለሌዋ | ጥር 19

ተባረኪ ልጄ። አሁን ቀጥሎ የሚመጣውን አስቢ። ዐቢይ ጾም የካቲት ላይ ይገባል፣ 55 ቀን ነው፣ ሁሉም ሰው ምስርና ዘይት ላይ ነው የሚረባረበው። ምስሩን ሳይገባ ግዢ። ቅቤ ደግሞ ጾሙ መሐል ላይ፣ ፈላጊ በሌለበት ጊዜ ገዝተሽ አንጥረሽ አስቀምጪ። የሰሙነ ሕማማት ሳምንት ቅቤ የሚገዛ ሰው ወይ እንግዳ መጥቶበታል ወይ ረስቷል። ስትገዢ ትንሽ ቆርሰሽ እጅሽ ላይ እሺው፣ ሙዝ የተቀላቀለበት ከሆነ አይቀልጥም፣ ይጣበቃል። ለፋሲካ ቅርጫውን ከእኛ ጋር ግቢ፣ አንድ መደብ እይዝልሻለሁ፣ በኪሎ ከሥጋ ቤት ከመግዛት በጣም ይሻላል።

ጀሞ 2 | ጥር 20

እኔም ልንገራችሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ሦስቱን አግኝቻለሁ፣ አራት ሆነናል። ገንዘቡን የምትይዘው ሚስቴ ናት፣ እነሱ ናቸው የመረጧት። ከህዳር ጀምረን ማታ ማታ ስናስቀምጥ ቆይተን ዘይቱን ሁለት ጊዜ ገዝተን ተካፍለናል። አሁን ለመጀመሪያው ኩንታል ሞልቶልናል። ቅዳሜ ልንገዛ ነው፣ ማናችንም ግን ኩንታል ገዝተን አናውቅም። የእህል በረንዳው ወንድሜ፣ ካስቸገርንህ ይቅርታ፣ ጤፉን አይተህ ብትመርጥልን?

የእህል በረንዳው | ጥር 20

ምን ችግር አለው ወንድሜ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ኑ፣ ከዛ በኋላ ግፊያው ይበዛል። ንጹሕ ጆንያ አራት ያዙ፣ እዛው 25፣ 25 እናስመዝነዋለን። ሁለት ሚዛን ላይ።